ስዊቹስ ጥሩ ነበር

የምሠራበት ሱቅ የሞባይል ጥገና ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ስክሪን እንቀይራለን፣ ባትሪ እንቀይራለን፣ ቻርጅ አልቀበል ያለ ስልክ እናጸዳለን። ቬፕ፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ መጠገን ሥራችን አልነበረም። ግን የሚሸጡት ሱቆች አይጠግኑም፤ መልሳቸው "አዲስ ግዛ" ነው። ስለዚህ ዞሮ ዞሮ እኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የሱቁ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ድሮ አዲስ አበባ ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቦርድ ያለው ነገር ከመጣ እምቢ ማለት አያውቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሀበሻ የታክሲ ሹፌር መጣ። ባንኮኒው ላይ ሳጥን መሳይ ቬፕ አስቀመጠ። ሁለት 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ የሚገባበት፣ ከበድ ያለ፣ ጠርዙ የተላላጠ።

"ወንድሜ፣ ይህቺን ነገር ቶሎ እያትልኝ። ከነገ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ ነኝ።"

"ምን ሆነች?"

"ያን ያህል ምንም አልሆነችም። ጣቴን ካነሳሁ በኋላ ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ ራሷ ትተዋለች።"

በተኑን ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አስቀይሮታል። አዲስ ስዊች፣ 40 ዶላር። ለጥቂት ጊዜ ሰጥ ለጥ ብላ ሠራች፣ ከዚያ የድሮ አመሏ ተመለሰ።

"የት አድርገህ ነው የምትወስዳት?" አልኩት።

"ሻንጣ ውስጥ፣ ልብስ መሃል።"

"የሚጫነው ሻንጣ?"

"አዎ። የእጄማ ሞልቷል።"

ጋሼ ከኋላ ሆነው ሰምተዋል። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው መጡ። "መጀመሪያ ባትሪዎቹን አውጣ" አሉኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ስለ በተን የሚመጣልን ሮሮ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "አልበራ አለኝ" ነው። ሌላው "ራሷ ትበራለች" ወይም "አልጠፋ ትላለች" ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ተናዶ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው እንደዚህ ሹፌር እየሳቀ ነው። መናደድ የነበረበት ሁለተኛው ነው። አልበራ ያለ ቬፕ ማንንም አያቃጥልም፤ ቢበዛ ያበሳጫል። አልጠፋ ያለ ግን ኪስ ውስጥም፣ መኪና ወንበር ላይም፣ ልብስ መሃልም ኮይሉን፣ ፈሳሹን የሚያተነውን ሽቦ፣ ያግላል።

ብዙ ሰው ኃይሉ በጣቱ ሥር ባለው በተን በኩል የሚያልፍ ይመስለዋል። ቺፕ ባለው ቬፕ ላይ እንደዚያ አይደለም። ከፕላስቲኩ በታች ያለችው ትንሽዬ ስዊች በፋብሪካው መግለጫ ወረቀቷ ላይ በአብዛኛው 50 ሚሊአምፔር፣ 12 ቮልት ነው የሚጻፍላት። ኮይሉ ደግሞ 20 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ 400 እጥፍ ማለት ነው። ስዊቿ ያ ሁሉ ቢያልፍባት ወዲያው ትነድ ነበር። ሥራዋ ለቺፑ "ተጫኑኝ" ብላ መንገር ብቻ ነው። ቺፑ ሞስፌት የሚባለውን፣ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ዕቃ፣ ያዛል፤ ኃይሉን የሚለቀው ሞስፌቱ ነው።

እርግጥ ስዊቿም ታረጃለች። ርካሾቹ 100,000 ጊዜ ተጭነው እንዲሠሩ ነው የሚታሰቡት። በቀን 200 ጊዜ ለሚጫን ሰው ይህ ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ስለዚህ የበፊቱ ጠጋኝ "ስዊቹ አርጅቷል" ብሎ መቀየሩ ያለ ነገር ነው።

ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈትቼ ከፈትኳት። ገና ስትከፈት ጣፋጭ የእንጆሪ ሽታ ወጣ። ሽታ ከተሰማህ ጁስ፣ ማለትም የሚተነው ፈሳሽ፣ ገብቷል ማለት ነው። የጁሱ መያዣ፣ ታንኩ፣ የሚታሰርበት ጥርስ ከላይ ነው፤ በተኑ ከሥሩ ነው። ያንጠባጠበው ሁሉ በጎን ወርዶ ስዊቿ ዙሪያ ተጠራቅሟል። ቦርዱ ላይ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የኪስ ብናኝ የያዘ ሽፋን ሠርቷል። አዲሷ ስዊች ግን ታምራለች። ብየዳዋ ጥሩ፣ እግሮቿ ቀጥ ያሉ።

መልቲሜትሩን በሁለቱ እግሮች ላይ አደረግኩ። ስጫናት ከ1 ኦም በታች፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ኤሌክትሪኩ በደንብ ያልፋል ማለት ነው። ጥሩ። ስለቃት ምንም ማሳየት አልነበረበትም፤ መስመሩ ክፍት መሆን ነበረበት። እሱ ግን 40 ኪሎኦም ገደማ አነበበ። ቁጥሩም አይረጋም፤ ወደ 50 ወጣ፣ ወደ 35 ወረደ።

"እፍ በልበት" አሉኝ ጋሼ።

አፌን አስጠግቼ እፍ አልኩበት። ወዲያው 20 ገባ። የትንፋሼ እርጥበት ነው። ስዊቿን ነቅዬ ባዶውን ቦርድ ለካሁት። ያው ነው። ስዊቿ የለችም፣ መስመሩ ግን አሁንም ያሳልፋል።

ጁሱ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው። ሁለቱም ከአየር እርጥበት ይስባሉ። ኒኮቲኑ፣ ማጣፈጫው፣ ከበፊቱ ብየዳ ሳይጠረግ የቀረው ፍለክስ (የብየዳ ማጣበቂያ ቅባት) ሲጨመርበት መጠነኛ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ችግሩ ቺፑም ብዙ አይፈልግም። በተኑ መለቀቁን የሚነግረው አንድ ሬዚስተር ነው፤ በዚህ ቦርድ ላይ 47 ኪሎኦም ነበር። በጁሱ በኩል የሚያልፈው ከዚያ ጋር ሲቀራረብ፣ ቺፑ የሚያየው ቮልቴጅ መሃል ላይ ይንጠለጠላል። ተጭኗል? አልተጫነም? እርጥበቱ እንዳዘዘ ነው።

ደንበኛችን ግን አልተዋጠለትም። "እሺ፣ ይሁን። ግን ከ10 ሰከንድ በኋላ እኮ ራሷ ታጠፋለች። ደግሞ እቆልፋታለሁ፣ አምስቴ ተጭኜ።"

እዚህ ላይ ልክ ነበር፣ ግማሹን። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቬፖች 10 ሰከንድ ገደማ ሲሞላ ያቋርጣሉ። በተኑ ተጭኖ ከቀረ፣ ለምሳሌ ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ ከተጣበቀ፣ ያ መከላከያ ይሠራል። ግን የሚጠብቀው ዝም ብሎ ተጭኖ የቀረን በተን ነው። ይህኛው ብልጭ ድርግም የሚል ነው። ሲለቀቅ ቺፑ ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል፣ ሲጫን እንደገና ያበራል። አምስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ለቺፑ ሰው አምስቴ ተጫነ ማለት ነው። መቆለፊያውም የተሠራው በዚያው በተን ነው። የተበላሸው ነገር ራሱ ዘበኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ጋሼ ማስረዳት አይወዱም፤ ማሳየት ይወዳሉ። ስዊቿን መልሼ በየድኳት። በባትሪ ፋንታ ፓወር ሳፕላይ ገጠምንላት፣ 8 ቮልት፣ ከ2 አምፔር እንዳያልፍ አድርገን። ዋቱን ታች አወረድነው። ሴራሚክ ላይ አስቀመጥናት።

"አሁን ቆልፋት" አሉት ደንበኛውን።

አምስቴ ተጫነ። ስክሪኑ ጠፋ። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው እፍ አሉባት። መጀመሪያ ምንም የለም። ስለ ቲኬት ዋጋ ማውራት ጀመርን። በመሃል ስክሪኑ በራ። ጠፋ። በራ። ከዚያ ኮይሉ ውስጥ ያለው ጁስ የጠጣ ጥጥ "ቲስስ" አለ፤ ቀጭን ጭስ ወጣ። ማንም አልነካትም። ሹፌሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ኧረ በማርያም!" አለ።

"ልጄ፣ ይህ በ2 አምፔር ነው" አሉት ጋሼ ገመዱን ነቅለው። "ባትሪዎችህ ከዚህ አሥር እጥፍ ይሰጧታል።"

የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጥናት አለ። ከ2009 እስከ 2016 በዜና የተዘገቡ 195 የቬፕ እሳትና ፍንዳታዎችን ሰብስቧል። ከነዚህ ውስጥ 61ዱ የደረሱት መሣሪያው ወይም ትርፍ ባትሪው ኪስ ውስጥ ሳለ ነው። ሁሉም የበተን ጣጣ አይደለም፤ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ የተወረወረ ባትሪም ሾርት ያደርጋል። ግን ማንም ሳይጠቀምበት የነደደው ቁጥር ትንሽ አይደለም። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ተሳፋሪው በተቀመጠበት ቢጨስ ሰው ያየዋል። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማን ያየዋል? ለዚህ ነው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ቬፕ በሚጫን ሻንጣ እንዳይገባ የከለከለችው። በእጅ ነው የሚያዘው፤ አውሮፕላን ውስጥ ቻርጅ ማድረግም አይቻልም።

ይህን ስነግረው "እሺ በእጄ እይዛታለሁ" አለ። አገር ቤት ስላለው ሕግም አነሳሁለት። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም የተከለከለ ነው። ቦሌ ላይ ምን እንደሚሉህ አንተው ታውቃለህ አልኩት። ዝም አለ።

ከዚያ የማልጠብቀውን አመጣ። "ጓደኛዬ ጋ ያለው ይሻላል ማለት ነው። የነሐስ ቱቦ ነው። ቺፕ የለው፣ ስክሪን የለው። የሚበላሽ ነገር የለውም።"

ጋሼ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ይህን ወሬ ብዙ ሰምቼዋለሁ። ያ ሜካኒካል የሚባለው ነው፣ እውነትም ቺፕ የለውም። ግን እዚያ ላይ ኃይሉ በሙሉ የሚያልፈው በበተኑ ነው። ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ኮይሉ 0.15 ኦም ከሆነ 28 አምፔር ይሄዳል። የበተኑ መነካኪያ ቆሽሾ 0.01 ኦም ብቻ ቢይዝ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ 8 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል። በሙቀቱ ሞላው ይለሰልሳል፣ ጉልበቱን ያጣል፣ በተኑን መልሶ መግፋት ያቅተዋል። ሰዎች ሞላውን አውጥተው ማግኔት ይከታሉ፤ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ግን ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ እየደከመ ይሄዳል። ሁለቱም ሲበላሹ የሚወድቁት ወደ "በራ" ነው። አሥር ሰከንድ ቆጥሮ የሚያጠፋም የለም። በዚህ አቋሜ የሚጣሉኝ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔ ግን ሜካኒካል ቱቦ ኪሴ ውስጥ አልከትም።

የሹፌሩን ሥራ በዚያው ቀን ጨረስነው። ስዊቿን እንደገና አነሳሁ። ቦርዱን በንጹሕ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፤ ፕላስቲኩ የሚቀመጥበትን ቀዳዳ በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጠረግኩት። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ሞቅ ባለ አየር አደረቅኩት። እፍ እያልኩ ለካሁ፤ መልቲሜትሩ ምንም አላነበበም። ያችኑ ስዊች መልሼ በየድኳት። የታንኩ መቀመጫ ላይ ያለችው ጎማ ስለተሰነጠቀች ቀየርናት፣ ምክንያቱም ያለዚያ ነገም ይወርዳል። ጋሼ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ገጥመው፣ ቆልፈው፣ እስክንዘጋ ድረስ ጠረጴዛቸው ላይ አቆዩዋት። አልበራችም።

ሲመለስ ባትሪዎቹን በፕላስቲክ ማቀፊያ አድርገን ለብቻ ሰጠነው። መሣሪያውን ግን ራሱ አልወስድም አለ። "እስክመለስ እናንተ ጋ ትቆይ።" ጋሼ መሳቢያ ውስጥ ከተቱለት።

"ስንት ነው?"

"25።"

"ምን ቀየራችሁ?"

"አንድ ጎማ" አልኩት። "የቀረው ማጽጃ ነው።"

"ስዊቹስ?"

"ስዊቹ ጥሩ ነው፣ አልነካነውም። ማለቴ፣ መልሰን ያንኑ ነው ያደረግነው።"

ፊቱ ተለወጠ። "እንግዲህ ያ ሰውዬ 40 ዶላሬን በልቶኛል!"

"አልበላህም" አሉ ጋሼ። "ጥሩ ዕቃ ነው ያስገባልህ። እንዲያውም እኛ ከምናስገባው ይሻላል። ሥሩን አላጠበም እንጂ።"

ሹፌሩ ገንዘቡን ቆጥሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። "ታዲያ ለእሱ 40፣ ለእናንተ 25" አለ። "ለማጠቢያ 65 ዶላር። ታክሲዬን እንኳን በዚህ ዋጋ አላሳጥብም።"