ጾም የገደፉ ሴሎች

ካኮ-2 የሚባሉትን የላቦራቶሪ ሴሎች ያሳደገ ሰው 21 ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል። መነሻቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ማጣሪያ ላይ ዘርተህ ሦስት ሳምንት ከታገስካቸው ግን ማይክሮቪላይ (ጸጉር መሳይ ጥቃቅን ጣቶች) አብቅለው ትንሹን አንጀት ይመስላሉ። እስከዚያ በየሁለት ቀኑ ሚዲየም፣ ማለትም የሚያድጉበትን ፈሳሽ ምግብ፣ መቀየር ነው። እሑድ የለ፣ በዓል የለ።

ጀርመን ለትምህርት ሳለሁ ጥያቄዬ ቀላል ነበር። ግሉታሚን የሚባለው አሚኖ አሲድ የአንጀት ሴል ዋና ቀለቡ ነው። እሱን ብነፍጋቸው የካልሲየም ሪሴፕተራቸው (ካልሲየምን የሚለየው ፕሮቲን) ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ይህ ሪሴፕተር በስሙ የካልሲየም ይባል እንጂ እነ ፌኒልአላኒንና ትሪፕቶፋን ያሉ አሚኖ አሲዶችም ያነቁታል። ስለዚህ ግማሾቹ ለ48 ሰዓት ይጾማሉ፣ ግማሾቹ ይበላሉ። ሚዲየሙ ውስጥ የሚገባው ሴረም (የደም ፈሳሽ) እንኳ አሚኖ አሲዱ በዲያሊሲስ የወጣለት ነው።

ኪውፒሲአር ላይ (ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ የሚለካበት ምርመራ ነው) የጾመኞቹና የበሊታዎቹ ሁለት መስመሮች አንዱ በሌላው ላይ ተጋድመው ወጡ። ደገምኩ፤ ያው። ሠለስኩ፤ ያው። መጀመሪያ የምርመራውን ፕራይመር ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ከሴሎቹ ያወጣሁትን አርኤንኤ። ስብሰባ ላይ አንድ ፖስትዶክ (ዶክትሬቱን የጨረሰ ተመራማሪ) «እጅህን ፈትሽ» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይህ ሰው የከፈተው ጠርሙስ ላይ ቀን ጽፎ አያውቅም። ለማንኛውም እጄን ፈተሽኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ በፒፔት እየቀዳሁ ስመዝን ከረምኩ።

አንድ ዓርብ ወደ ሴል ክፍሉ ስገባ ቴክኒሻኗ 500 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙሴ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ነገር ሲጨምሩ ደረስኩ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ደግ ሴት ናቸው።

«ምን እየጨመሩ ነው?»

«ግሉታሚን ነዋ። ሁሌ ትረሳዋለህ፣ እኔ አሟላልሃለሁ።»

ሁሌ! ልቤ ቀጥ አለች። 200 ሚሊሞላሩ 10 ሚሊ ሊትር በ500 ውስጥ ሲገባ ወደ 4 ሚሊሞላር ይመጣል፤ ድግስ ነው። እኔ ጾመኞች ናቸው የምላቸው ሴሎች ለካ ስንት ወር ሙሉ ሲገድፉ ኖረዋል።

«ሆን ብዬ ነው የተውኩት እኮ» አልኳቸው።

ጠርሙሱን አዙረው አሳዩኝ። በራሴ እጅ «ግሉታሚን −» ተብሎ ተጽፏል፤ ያለ ግሉታሚን ማለቴ ነበር። «ይሄ ሰረዝ አይደለም እንዴ? አንተ ደግሞ ሁሉም ነገር ላይ ሰረዝ ትጥላለህ።» ቆይተው ጨመሩበት፦ «ደግሞስ እንዲያ ኮስሰው ስታያቸው አያሳዝኑህም?»

ምን ልበል? ቅዳሜና እሑድ ሚዲየም ቀይሩልኝ ብዬ የለመንኳቸው እኔው ነኝ። ስብሰባ ላይ «የምልክት ስህተት ነበር» ብዬ አለፍኩት። ፖስትዶኩ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም።

በአራተኛው ዙር ሴሎቹ የምር ጾሙ። የሪሴፕተሩ ቁጥር ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ዘለልኩ። ጋፕዲኤችን ሳይ ግን እሱም ተንቀሳቅሷል። ሳይለወጥ መቆየት የነበረበት ማነጻጸሪያው ጂን ራሱ ርቦታል። እንደገና 21 ቀን።

ቴክኒሻኗ ሁዳዴ ላይ ወተት አልባ ቡናዬን እያዩ ይጠይቁኝ ስለነበር ጾምና ፍስክ ምን እንደሆኑ ያውቃሉ። ምልክት በግልጽ ይጻፍ ተብሎ ስለተወሰነ ጠርሙሶቼን በትልልቁ «ጾም» እና «ፍስክ» እያልኩ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ጀመርኩ። ሁለቱን ቃል እሳቸው በሳምንት ውስጥ ለዩዋቸው። ፖስትዶኩ ማንበብ አይችልም። ጠርሙሴንም ከዚያ በኋላ ነክቶ አያውቅም።