አንድ አውት የጎደላት ከተማ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ እዚህ ዋሽንግተን ባለው በአርኤፍኬ ስታዲየም በኩል አለፍኩ። እየፈረሰ ነው። ታክሲዬን ዳር አስይዤ ትንሽ ቆየሁ። እዚያ ሜዳ ላይ የአሜሪካ ፉትቦልም እግር ኳስም ሲታይ ኖሯል፤ ለኔ ግን የቤዝቦል ቤት ነው። ፍራንክ ሃዋርድ የሚባል ግዙፍ መቺ ነበር፤ ከላይኛው ፎቅ ኳሷን ያሳረፈባቸውን ወንበሮች ነጭ ቀብተውለት ነበር። እነዚያ ወንበሮች አሁን የት ይሆኑ እያልኩ ነው ወደ ቤት የገባሁት። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይኸው እጽፋለሁ። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

ቤዝቦል የሚያልቅበት የተወሰነ ሰዓት የለውም። ዘጠኝ ዙር ነው፤ በየዙሩ አንዱ ቡድን ሦስት ሰው አውት እስኪሆንበት (ከጨዋታው እስኪወጣበት) ይመታል፣ ከዚያ ሌላው ይተካል። የመታው ሰው ቤዝ የሚባሉትን ማዕዘኖች ዞሮ ሲገባ ነጥብ ይሆናል። መቺው ኳሷን ሲስት ወይም መምታት የሚገባውን ሲያሳልፍ ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ ሦስት ሲሞላ አውት ነው። እግር ኳስ ላይ ሁለት ለባዶ የሚመራ ቡድን ኳሷን ጥግ ወስዶ ሰዓት ያባክናል። እዚህ ግን ወርዋሪው የመጨረሻውን ሰው ፊት ለፊት ገጥሞ ማስወጣት አለበት፤ ሌላ መውጫ የለም። ዋሽንግተንን ለረጅም ዘመን ያቃጠላት ይቺ የመጨረሻዋ አንድ አውት ናት።

መጀመሪያ የነገረኝ ሸምገል ያለ ተሳፋሪ ነው። በልጅነቱ እዚያው አርኤፍኬ ተቀምጦ አይቶታል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1971፣ ሴናተርስ የተባለው የድሮው የዋሽንግተን ቡድን የመጨረሻ ጨዋታ። ባለቤቱ ቦብ ሾርት ቡድኑን ወደ ቴክሳስ ሊወስደው ነው፤ ሕዝቡ ተቆጥቷል። ኒውዮርክ ያንኪስን 7 ለ 5 እየመሩ ዘጠነኛው ዙር ላይ ሁለት ሰው ወጥቷል፣ አንድ ብቻ ቀርቷል። ሕዝቡ አጥሩን ዘሎ ሜዳውን ሞላው። ቤዞቹን ነቀሉ፣ ሣሩን እየቦጨቁ ወሰዱ። ዳኞቹ ጨዋታውን ሰርዘው ለያንኪስ 9 ለ 0 በፎርፌ ሰጡ። ከዚያ በኋላ 33 የውድድር ዘመን ይህች ከተማ ቡድን አልነበራትም።

ያን ማታ ሜዳው ላይ የነበረው ወርዋሪ ጆ ግርዜንዳ ኳሷን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። አልጣላትም፣ አልሸጣትም። ሞንትሪያል የነበረው ቡድን ናሽናልስ ተብሎ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2005፣ ያቺኑ ኳስ ወደ አርኤፍኬ ይዟት መጣ። የመክፈቻውን ውርወራ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የወረወሩት በእሷ ነው። እኔ ያኔ ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ መኪና ማቆሚያ ነበር የምሠራው። ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች በጠራራ ከሰዓት ልጅ ሆነው ሲያልፉ አይቼ ምን በዓል ነው ብዬ ጠየቅሁ። ማንም በቅጡ አላስረዳኝም። የኳሷን ነገር ሳውቅ ነው የገባኝ።

አዲሱ ሜዳቸው ናሽናልስ ፓርክ በ2008 ሲከፈት ራያን ዚመርማን በመጨረሻው ዙር ሆምራን መትቶ (ኳሷን ከአጥሩ ማዶ ልኮ) አሸነፉ። በ2010 ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ በመጀመሪያ ጨዋታው 14 ሰው በስትራይክ አስወጣ። እነዚህን በሬዲዮ ነው የሰማኋቸው፤ ደስ ብሎኛል፣ ግን ገና የኔ አልነበሩም።

የኔ የሆኑት ኦክቶበር 12 ቀን 2012 ማታ ነው። በዚያ ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ከሁሉም ቡድን የበለጠ። ስትራስበርግን ግን ክንዱ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ስለነበር አሳርፈውታል። በጥሎ ማለፉ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር አምስተኛው፣ ወሳኙ ጨዋታ። 6 ለ 0 መሩ። ዘጠነኛው ዙር ሲደርስ 7 ለ 5 ነው፤ ሁለት ሰው ወጥቷል። ልክ እንደ 1971ዱ፦ ያው 7 ለ 5፣ ያው አንድ አውት። ወርዋሪያቸው ድሩ ስቶረን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ፣ በሁለት የተለያዩ መቺዎች ላይ፣ አንድ ስትራይክ ብቻ ቀርቶት ነበር። አልሆነም። 9 ለ 7 ተሸነፉ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ኤም ስትሪት ላይ ተራ ይዤ ቆሜ ሰው መውጣት ጀመረ። ከአርባ ሺህ በላይ ሕዝብ ሲወጣ የእግር ኮቴ ብቻ ሲሰማ አስቡት። አባትና ልጅ ገቡ፤ ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አባትዬው አድራሻ ተናግሮ ዝም አለ። ሬዲዮውን ዘጋሁት። እኛ ለቅሶ ቤት ገብተን ምንም ሳንናገር እንደምንቀመጠው ነበር የተጓዝነው። ልጁ ቀይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተጠለፈችውን ነጭ ፊደል በጣቱ ይከተላታል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣

“አንድ ብቻ ነበር አይደል የቀረው?” አለ።

“አዎ” አለው አባቱ።

እኔም ከፊት ሆኜ አንገቴን ነቀነቅሁ። ስምንት ዓመት የኖርኩባት ከተማ ያን ሌሊት የራሴ ሰፈር ሆነች። የሰው ሐዘን ውስጥ ካልተቀመጡ አገር አይለመድም መሰለኝ።

በ2014፣ በ2016፣ በ2017 እንደገና በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ላይ ወደቁ። በ2019 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 19ኙን ብቻ አሸንፈው ሁሉም ተስፋ ቆረጠ። ከዚያ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ይወርረኛል። ከሚልዋኪ ጋር በስምንተኛው ዙር 3 ለ 1 እየተመሩ፣ ሁለት ሰው ወጥቶ፣ የሃያ ዓመቱ ሁዋን ሶቶ መታ፤ ኳሷ የቀኙን ተከላካይ አልፋው ሄደች፤ ሦስት ሰው ገባ። ሎስ አንጀለስ ላይ ሃዊ ኬንድሪክ፣ እኩል ስለሆኑ በተጨመረው አሥረኛ ዙር፣ ቤዞቹ በጓደኞቹ ሞልተው ሳለ ከአጥሩ ማዶ ላካት። በፍጻሜው ከሂዩስተን ጋር ሰባት ጨዋታ አደረጉ፤ ሰባቱንም እንግዳው ቡድን አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

ኦክቶበር 30፣ ሰባተኛው ጨዋታ። ብሔራዊ አየር ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ላይ ነኝ፤ ዝናቡ ያካፋል። ጋሼ፣ ከኔ በፊት ሃያ ዓመት የነዱት፣ ብርዱን ሸሽተው እኔ ጋ ገብተዋል። ቤዝቦል አይከታተሉም፤ ለኔ ብለው ነው የተቀመጡት። በየአሥር ደቂቃው “አለቀ?” ይሉኛል። “አላለቀም ጋሼ” እላለሁ። ሰባተኛው ዙር ላይ ኬንድሪክ እንደገና መታ፤ ኳሷ የቀኙን ምሰሶ መታች፣ ይህም ሆምራን ነው፤ ከኋላ ተነስተው መምራት ጀመሩ። ዘጠነኛው ዙር፣ 6 ለ 2። ሁለት ሰው ወጣ። መሪውን ጨብጬ ነበር። 1971ን፣ ያንን ልጅ፣ ጣቱን አሰብኩ። ዳንኤል ሃድሰን ወረወረ፤ ማይክል ብራንትሊ ሰንዝሮ ሳተ። ሃድሰን ጓንቱን ወረወረው። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ያ በ2012 ያሳረፉት ስትራስበርግ ነበር።

መናገር አቃተኝ። ጋሼ ፔርሙሳቸውን ከፍተው ቡና ቀዱልኝ፤ ፊቴን አዩ።

“አለቀ?”

“አለቀ ጋሼ።”