እጄን ያሳመመኝ ክንዴ ነበር

ልብስ ስፌት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ወገቤንና ዓይኔን እንጂ እጄን አሞኝ አያውቅም ነበር። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ግን የሁለት ትምህርት ቤቶችን የደንብ ልብስ ተረክቤ ለመስከረም ለማድረስ ስጣደፍ፣ ካኪ ጨርቅ ስድስት ድርብ እያነባበርኩ ከጠዋት እስከ ማታ በእጅ መቀስ ስቆርጥ ከረምኩ።

ሕመሙን መጀመሪያ ያወቅሁት በቡና ሲኒ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሲኒውን በሦስት ጣቶቼ ይዤ ከረከቦቱ ላይ ላነሣ ስል፣ ከመዳፌ ጀርባ እስከ ክንዴ ድረስ የሚያቃጥል ነገር ተሰማኝና ሲኒው ከነቡናው አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ የጠርሙስ ክዳን መክፈት፣ ፎጣ መጭመቅ፣ ሌላው ቀርቶ ሰው መጨበጥ ጭንቅ ሆነብኝ። ሕመሙ የሚሰማኝ እጄና አንጓዬ ላይ ስለነበረ አንጓዬን በፋሻ አሰርኩ፣ ቅባት ቀባሁ። ቀጥዬም ሰፈራችን ወዳሉ አንድ ወጌሻ ሄድኩ። አባባ ቅቤ ቀብተው ክንዴን አጥብቀው ሲያሹልኝ ለሁለት ሌሊት ተሻለኝ፣ በሦስተኛው ቀን ግን ክርኔ አጠገብ አብጦ ነደደ። ለወለምታ የእሳቸው እጅ ብዙ ሰው እንደጠቀመ ዐውቃለሁ፤ የእኔ ችግር ግን ወለምታ አልነበረም፤ የተቆጣን ጅማት በኃይል ማሸት ደግሞ ይበልጥ ያስቆጣዋል።

የደንብ ልብሱን እንደምንም አስረክቤ ሱቄን ለሦስት ሳምንት ዘጋሁ። ሕመሙ ጠፋ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ግን ምንም እንዳልተደረገ ሁሉ ተመለሰ። ከሁሉም በላይ ተስፋ ያስቆረጠኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዕረፍት ካላዳነኝ ሌላ ምን ሊያድነኝ እንደሚችል አልገባኝም ነበር።

በመጨረሻ ያየችኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ናት። አንጓዬን እንድታይልኝ እጄን ስዘረጋላት፣ «ጋሼ፣ እስቲ ግራ መዳፍዎን ከቀኝ ክርንዎ ዝቅ አድርገው ያሳርፉና የቀኝ እጅዎን ጣቶች ክራር እንደሚመታ ሰው ያንቀሳቅሱ» አለችኝ። እንዳለችኝ ሳደርግ ከግራ መዳፌ ሥር የክንዴ ሥጋ ሲላወስ ተሰማኝ። ጣቶቻችንን አጥብቀው የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ትልልቅ ጡንቻዎች ያሉት ክንዳችን ላይ እንደሆነ፣ በአንጓ አልፎ ጣት ድረስ የሚዘልቀው ረጅም ጅማታቸው ብቻ እንደሆነ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ በእግሩ ሲረግጥ ከላይ ድሩ እንደሚከፈት ሁሉ፣ ጣትም የሚታዘዘው ከራቀ ቦታ ነው። ቀጥላ ክንዴን ዘርግቼ መሃል ጣቴን ወደ ላይ እንዳነሣ ነገረችኝና እሷ ወደ ታች ስትጫነኝ፣ ሕመሙ ጣቴን ሳይሆን የክርኔን የውጭ አጥንት ወጋኝ።

እኔን ግራ ያጋባኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ መቀስ የሚዘጋው በመጨበጥ ነው፣ ታዲያ የሚያመኝ ለምን በክንዴ ጀርባ በኩል፣ እጅ በሚዘረጋው ጡንቻ ላይ ሆነ? መልሱን ማንም በራሱ እጅ ሊያየው ይችላል። አንጓውን ወደ ውስጥ ጨርሶ አጥፎ እርሳስ ለመጨበጥ የሞከረ ሰው ጣቶቹ አቅም ሲያጡ ይሰማዋል። አጥብቀን በጨበጥን ቁጥር አንጓችን ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ደግፎ የሚይዘው የክንድ ጀርባ ጡንቻ ነው፤ ስለዚህ በመቀሱ እያንዳንዱ ቁርጥ የሚደክመው እሱም ጭምር ነው። ሐኪሞች ይህን ሕመም «የቴኒስ ተጫዋች ክርን» ይሉታል፤ አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን ራኬት ይዘው የማያውቁ፣ እንደ እኔ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው።

የታመመው የዚህ ጡንቻ ጅማት ነው፤ ዕረፍቱ ያልጠቀመኝም ለዚህ ነው፤ ጅማቱ ሥራ ሲፈታ ሕመሙ ጋብ ይላል እንጂ ጅማቱ አይጠነክርም። የሚያጠነክረው የተመጠነ ጭነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሳላንቀሳቅስ ለ30 ሰከንድ እይዛለሁ፤ ዐረፍ እያልኩ አምስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ከዚያ ጠርሙሱን በግራ እጄ እየረዳሁ ወደ ላይ አነሣና በቀኜ ብቻ፣ እስከ አራት እየቆጠርኩ ቀስ ብዬ አወርዳለሁ፤ ይህን አሥር ጊዜ፣ በሦስት ዙር። መለስተኛ ሕመም አያስፈራም። መለኪያዬ የማግስቱ ጠዋት ነበር፤ ከወትሮው ብሶብኝ ካደረ ጭነቱን እቀንሳለሁ፣ ካልባሰ እቀጥላለሁ። አንድ ሊትር ጠርሙስ ላይ የደረስኩት በኅዳር ነው። የክንዴንም ሥጋ በአውራ ጣቴ ለስለስ አድርጌ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እያሸሁ፣ የጠጠረውን ቦታ አላላው ነበር፤ ያሳርፈኛል፣ ግን ብቻውን የሚያድን አይመስለኝም። አንድ የሙያ ጓደኛዬ ክርንህን በመርፌ ተወጋ ብሎኝ ነበር። የስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) መርፌ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያስታግስም፣ ከዓመት በኋላ ሲታይ የተወጉት ካልተወጉት የባሰ ውጤት እንደሚኖራቸው በጥናት መታየቱን ስሰማ ተውኩት።

የሥራ ልማዴንም መለወጥ ነበረብኝ። መቀሴን በየሳምንቱ እስላለሁ፤ የደነዘዘ መቀስ ክንድ ይበላል። ካኪ ከሁለት ድርብ በላይ አልቆርጥም። የታችኛው ስለት ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ እንዲሄድ አደርጋለሁ እንጂ መቀሱን በአየር ላይ አልሸከምም። ካውያውን እንደ መዶሻ ጨብጬ መጫን ትቼ ክብደቱ ራሱ እንዲሠራ ለቀቅኩት። ዕቃ የማነሣው መዳፌን ወደ ላይ አዙሬ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሸክሙ ከክንድ ጀርባ ይወርዳል።

የእጅ ሕመም ሁሉ ግን ከዚህ አይመጣም። አውራ፣ ሌባና መሃል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱት ሰው፣ ወይም የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ የሚደነዝዙበት ሰው ነርቩን መታየት አለበት። ከመውደቅ በኋላ የመጣ፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ያለው ሕመምም ለጠርሙስ የሚተው አይደለም። ከደረት ሕመም ጋር የመጣ የክንድ ሕመም ደግሞ ለአፍታም ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድን ይጠይቃል።

ለጥምቀት የአገር ልብስ ሥራ ሲበዛብኝ፣ አምስት ወር ገደማ ቆይቼ፣ ሙሉ ቀን ቆርጬ ማታ ጀበናውን በቀኝ እጄ አንሥቼ ቀዳሁ። ጠርሙሱ ዛሬም ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጧል፤ ረዳቴም ከእኔ አይቶ በየማለዳው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስቱን ዙር ይሠራል።