የተራበው ዲስክ

ሐሙስ ማታ ነው የጀመረው። እሑድ የቅሬ ስብሰባ አለ፤ የዓመቱን ሒሳብ የማነበው እኔ ነኝ። ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። ላፕቶፑን ከፍቼ ኤክስተርናሉን፣ ከውጭ የሚሰካውን ዲስክ፣ ሰካሁ። ትንሿ መብራት በራች። ጠበቅኩ። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ዲስክ ፊደል ይሰጣል፤ ሲ አለ፣ ዲ አለ፤ የእኔ ኢ የለም።

ነቅዬ ሰካሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። አገራችን ውስጥ ለማንኛውም ዕቃ የሚሰጠው የመጀመሪያው ሕክምና ማጥፋትና ማብራት ነው፣ ሁለተኛው በጥፊ መምታት። ሁለተኛውን እንኳ ተውኩት። ዲስኩን አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ውስጡ ለመነሳት ይታገላል። ዝዝዝ ይልና ጠቅ፣ ከዚያ ዝም። እንደገና ዝዝዝ፣ ጠቅ፣ ዝም። ባለቤቴ ከጀበናዋ ቀና ብላ «ምን አለህ?» አለችኝ።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። የሰፈራችን ቅሬ 143 ቤት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን፣ አንድ መዝገብ። ዲስኩ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ስም፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለው ቅጣት፣ የብረት ድስቱና የወንበሩ ቁጥር፣ ማን ሁለት ትሪ ወስዶ አንድ እንደመለሰ ሳይቀር። የልጆቼም ፎቶ አለበት። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሌሊት ትዝ ያለኝ የትሪው ነው።

መዝገቡ እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ እንደገባ መናገር አለብኝ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስብን ከደሴ የወጣነው በእጃችን የያዝነውን ይዘን ነው። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ የቅሬው ደብተር ከነሳጥኑ የለም። ሰብሳቢያችን ሼሁና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቡና ተፈላ፣ እኔ እስክሪብቶ ያዝኩ። በሐሳባቸው ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች በእግር ሄዱት። «ከመስጊዱ በር ጀምር። አሁን አስፋልቱን ተሻገር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስክ? ከሱ ቀጥሎ ያለው በር…» አንዱ ስም ሲዘል ሌላው «ኧረ ቆይ፣ መሐል ላይ ያለችውን ሴትዮ የት ጣልካት?» ይላል። እስከ ሌሊት 143ቱ ቤት ተሟላ። ወንበር የተዋሰ ሰው እንኳ አልተረሳም።

ያንን ዝርዝር ኤክሴል ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። «ደብተር ይጠፋል፣ ይሄ አይጠፋም» ያልኩትም እኔው። ሼሁ «እስቲ ይሁን፤ ደብተሩንም ግን አትተው» ብለውኝ ነበር። ተውኩት። ላፕቶፑ አርጅቷል ብዬ መዝገቡን ኤክስተርናል ላይ አደረግኩ፤ ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ደግሞ ቦታ ያዘብኝ ብዬ አጠፋሁት። መጠባበቂያ ብዬ የገዛሁት ዲስክ ብቸኛው ሆኖ ቀረ።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ወደ ቁም ነገሩ ገባሁ። የተሰኩትን ዲስኮች የሚዘረዝረውን ዲስክ ማኔጅመንትን ከፈትኩ። ዲስኩ እዚያ ቢታይ ኖሮ ምናልባት ፊደሉን ብቻ አጥቶ ነው፤ ቀኝ ክሊክ አድርጎ አንድ ፊደል መስጠት ነው። የእኔ እዚያም የለም። የተሰኩትን ዕቃዎች ሁሉ የሚዘረዝረው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ደግሞ ቢጫ ምልክት የተለጠፈበት «የማይታወቅ የዩኤስቢ ዕቃ» የሚል መስመር አገኘሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ኖረን የማይታወቅ! መስመሩን አጥፍቼ ላፕቶፑን እንደገና አስነሳሁ። ያው ነው። ስልኬ ላይ ምክር ስፈልግ አንዱ «በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው» ይላል። በሐምሌ ደሴ ላይ ፍሪዘር ምን ያደርጋል፣ በረንዳ ላይ ማሳደር ይበቃል። ደግሞም ቀዝቅዞ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት እንደሚይዝ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። መነጽር ያደረገ ሰው ከብርድ ወደ ቤት ሲገባ ያውቀዋል።

በግራ በኩል ወዳለው መሰኪያ ስቀይረው ድንገት ኢ ብቅ አለ። ልቤ ዘለለ። ከላዩ ግን አንድ ሳጥን ወጣ፤ ዲስኩን ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ፣ ላድርገው? ይላል። ጥያቄው ትሕትና አለው፤ የሚጠይቀው ሊረዳኝ እንጂ ሊያጠፋኝ አይመስልም። ሁለት ቀን የደከመው አእምሮዬ «አለብህ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው ያነበበው። ማውዙ «ፎርማት» የሚለው፣ ዲስኩን ባዶ የሚያደርገው ቁልፍ ላይ ደርሷል፣ ጣቴም ተዘጋጅቷል።

መብራት ጠፋ።

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በጨለማው ተቀምጬ ልቤ እስኪረጋ ጠበቅኩ። ስለ መብራት መጥፋት በሕይወቴ ያልተራገምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዲስኩን በፎጣ ጠቅልዬ ፒያሳ ወረድኩ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ቢበዛ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከሁለት ሰው በላይ አይቆምም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወድቋል እንዴ?» ነው። አልወደቀም አልኩ። «ፎርማት አላደረጉትም?» መብራት አዳነኝ አልኩት። ሳቀና «አብሽሩ ጋሼ» አለኝ። ይህን ቃል ሐኪም ቤትም፣ ልቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰርቶልኝ አያውቅም።

ዲስኩን ትቶ ኬብሉን ነው ያነሳው። ዲስኩ ጋ የሚገባው ጫፍ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክፍሎች ይመስላል። በጣቱ ሲነካው ተወዛወዘ፤ አንገቱ ላይ ላስቲኩ ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል። አዲስ ኬብል ይሸጥልኛል ብዬ ስጠብቅ ከመሳቢያው የድሮ ስልክ ቻርጀር ኬብል አወጣ። «ሳይሞከር አይግዙ» አለኝ። ለካ ከሁለቱ ክፍሎች ትልቁ የድሮው የስልክ መሰኪያ ራሱ ነው። ሰካው፤ ምንም የለም። «ይሄ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ የዳታ ሽቦ የለውም» ብሎ ወረወረው። ሁለተኛውን አጭሩን ሰክቶ ከዴስክቶፑ ጀርባ ባለው መሰኪያ ሲያገናኘው ዲስኩ ዝዝዝ አለ። ጠቅታውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ዝዝዝታው ቀጠለ፣ ወደ ለስላሳ እንጉርጉሮ ተለወጠ፣ ፎልደሮቼ አንድ በአንድ ወጡ። ፎርማት የሚል ሳጥን የለም። ያ ሁሉ «አለብህ» የኬብሉ ቅዠት ነበር።

«የሚሽከረከር ዲስክ ብዙ የሚበላው ሲነሳ ነው» አለኝ። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። ኬብሉ ከላላ ይህንንም በትክክል አያደርስም። ዲስኩ ሊነሳ ይሞክራል፣ ጉልበት ያጣል፣ ማንበቢያ ጭንቅላቱን መልሶ ያስተኛል፤ ጠቅ የሚለው ይሄኔ ነው። ውሂቡ በከፊል ሲደርስ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጡን ማንበብ አቅቶት ባዶ ነው ብሎ ይፈርዳል። «ጠቅ ያለ ሁሉ ግን ኬብል አይደለም። ኬብል ተቀይሮ ያው ከሆነ ጭንቅላቱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ደጋግሞ መሰካት መግደል ነው።» እኔ ስንቴ እንደሰካሁት አልነገርኩትም።

ታዲያ የእኔ ዲስክ አልሞተም፣ ተርቦ ነው። ጆሮዬ ላይ ይዤው ሲለምነኝ አመሸ፤ እኔ ግን የሞት ጣር መስሎኝ ነበር።

ዲስኩን ለመፈተሽ ስጣደፍ ከለከለኝ። መጀመሪያ ኮፒ ነው፣ ምርመራው ቀጥሎ፤ ዲስኩ የታመመ ከሆነ ፍተሻው ራሱ ሸክም ይሆንበታል። መዝገቡን ፍላሽ ላይ፣ ስልኬም ላይ ገለበጥን። እግረ መንገዴን 1 ቴራ፣ ማለትም 1000 ጊጋ፣ ተብሎ የተሸጠልኝ ለምን 931 ጊጋ እንደሚል ጠየቅኩት፤ ሌብነት መስሎኝ ሦስት ዓመት ይዤው ነበር። ሠሪዎቹ የሚቆጥሩት በ1000 ነው፣ ዊንዶውስ በ1024። ቂሜ ያለቦታው ነበር። ለኬብሉ 350 ብር ከፈልኩ፤ ለድካሙ አልቀበልም ብሎ በስንት ልመና የሻይ ያዘ።

እሑድ ሒሳቡን ሳልደነቃቀፍ አነበብኩ። ስንበተን ሼሁ ጠጋ አሉኝ።

«ትናንት በዝናብ ፒያሳ ስትሮጥ አይተውሃል፤ በሰላም ነው?»

«ኬብል ልገዛ ነው።»

«ኬብል» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። «ደብተሩስ?»

ሰኞ ባለ ጠንካራ ልባስ ትልቅ ደብተር ገዛሁ። አሁን ከላፕቶፑ ላይ እያየሁ በእጄ እየገለበጥኩ ነው። ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፤ ቁልፍ መጫን የለመደ እጅ ገና አሥረኛው ስም ላይ ይደክማል። 61ኛው ቤት ላይ ስደርስ መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑም አብሮ። ባለቤቴ ሻማ አምጥታ «በቃ ነገ ትጨርሰዋለህ» ትለኛለች። ግን ከመስጊዱ በር ጀምሬ አስፋልቱን ተሻግሬያለሁ፣ ወፍጮ ቤቱም ጋ ደርሻለሁ። 62ኛው ከሱ ቀጥሎ ያለው በር ነው።