በጉ ተበልቷል፤ ባክአፑ ግን አለ

«አምስት ደቂቃ ብቻ» ማለት አልነበረብኝም። ያውም ጮክ ብዬ፣ ሒሳብ ክፍል መሃል ቆሜ።

ቀኑ ግንቦት 27፤ ደመወዝ ሊወጣ ሦስት ቀን ቀርቷል። የሒሳብ ኃላፊያችን የፔይሮሉን (የደመወዝ መክፈያውን) ፎልደር በሺፍት ዲሊት ድራሹን አጥፍተውታል፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንኳ የለም። «እትዬ አይዞዎት፣ ባክአፕ አለን፤ አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩ። ሰርቨራችን በየሌሊቱ የየኮምፒውተሩን ፋይል ቀድቶ ያስቀምጣል፤ ገጹ ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ አንድ ቀይ አይቼበት አላውቅም። «ሂሳብ-01» የሚለውን መርጬ የትናንት ሌሊቱን መለስኩት። ሰባት ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ፎልደሩን ከፈትኩት።

በግ።

አንድ ፎቶ በስህተት የገባ መስሎኝ ወደ ታች ሳብኩት። 47 ፎቶ ነው። በግ ከፊት፣ በግ ከጎን፣ በግ ላቱ በእጅ ተመዝኖ፣ በግ ከንፈሩ ተገልጦ ጥርሱ ሲቆጠር። «ይሄ በየትኛው እርከን ነው የሚከፈለው?» አለ አንዱ። እስካሁን ማታ ማታ ይሰማኛል።

ጥፋቱ የኔው ነው። መጋቢት ላይ ለእትዬ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጬ ክሎን አደረግሁላቸው። የሒሳቡን ፋይል ከአሮጌው ላይ «ለምስጢር ሲባል» አጠፋሁና ማሽኑን ለግምጃ ቤት ሰጠሁ። ስሙን ግን አልቀየርኩም። ክሎን ስለሆኑ ስማቸው ብቻ ሳይሆን ዩዘሩ፣ ፓስዎርዱ፣ ሼር የተደረገው ፎልደር ስም ሳይቀር አንድ ነው። ሰርቨራችን ደግሞ ማሽኑን የሚያውቀው በስም ብቻ ነው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ «ሂሳብ-01 አለህ?» ይላል፣ አቤት ላለው ይከፍታል፣ ይቀዳል፣ አረንጓዴ ያበራል።

እትዬ ኮረንቲ እንዳይቆጥር ብለው 11 ሰዓት ላይ አጥፍተው ይሄዳሉ። የግምጃ ቤቱ ጋሼ ያን ማሽን ከተረከቡ ጀምሮ አጥፍተውት አያውቁም። ጠዋት የእትዬ ኮምፒውተር ሲነሳ ስሙ ተይዞ ያገኘዋል፤ ዊንዶውስም ኢቨንት ቪወር በሚባለው መዝገቡ ላይ 4319 ብሎ ይመዘግባል፣ ትርጉሙ «በዚህ ስም ሌላ አለ» ነው። «ኤንቢቲስታት ሰረዝ ኤን» የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ ብጠይቀው ኖሮ ከስሙ ጎን «ኮንፍሊክት» ብሎ ይነግረኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከስሶኛል፤ ክሱን ያነበበ የለም። የድሮ ቅጂ የምናቆየው 30 ቀን ስለሆነ የመጨረሻው እውነተኛ ፔይሮልም ሚያዝያ ላይ ተጠርጎ ወጥቷል።

በጉስ? በጉ ፋሲካን አላለፈም። ቅጂው ግን አንድ ሰርቨሩ ላይ፣ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ አንድ ቅርንጫፍ ቢሮ ተቀምጧል። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ፤ የባክአፕ ደንብ የሚለው ይህንኑ ነው። የድርጅቱ ደመወዝ ያላገኘውን ጥበቃ ሙክቱ አግኝቷል።

ስም ካነሳን አይቀር፣ አምና አስተዳደር በማኅተም ደብዳቤ ጽፎ «ኮምፒውተሮች በክፍላቸው ሙሉ ስም ይጠሩ» ብሎን ነበር። «ፋይናንስ-ፔይሮል-1» በላቲን ፊደል 17 ሆሄ ነው። ኔትባዮስ (ዊንዶውስ በኔትወርክ ላይ ማሽኖችን በስም የሚለይበት አሠራር) የሚቀበለው 15 ነው፤ 16ኛው ቦታ የአገልግሎቱ ዓይነት መለያ ነው። ሲቆረጥ «ፋይናንስ-ፔይሮል» ብቻ ይቀራል፣ ልክ 15። መጨረሻው 2 የሆነውም እዚያው ላይ ይቆረጣል። ማኅተም የተመታበት መንታ። ይህን በጽሑፍ አስረዳሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።

አሁን ስም የሚወጣው ከንብረት ቁጥሩ ነው፦ ሦስት ፊደል፣ ሰረዝ፣ አራት አሃዝ። ክፍት ቦታና አንደርስኮር የለም፣ የሰው ስምም የለም፤ ሰው ይዛወራል። ስሙ ተቀይሮ ማሽኑ ሪስታርት እንዳደረገ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ዝርዝርም የድሮ ባክአፑን ፎልደርም አብሮ መቀየር ነው፤ ያለዚያ ሰርቨሩ አዲስ እንግዳ መጣ ብሎ ሁሉን ከዜሮ ይቀዳል፣ ዲስኩም ይሞላል። በየማሽኑ ባክአፕ በሚደረገው ፎልደር ውስጥም የሲሪያል ቁጥሩን የያዘች አንዲት የጽሑፍ ፋይል አስቀምጫለሁ። ከባክአፕ ፋይል ስመልስ (ሪስቶር ሳደርግ) መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነው፤ ብቻዬን፣ በር ዘግቼ።

ፔይሮሉን ያዳነው ከእትዬ ቦርሳ የወጣ ፍላሽ ነው። በፕላስተር ተጠቅልሎ በእስክሪፕቶ «ፔይሮል፣ ግንቦት 25» ተብሎበታል። እኔን ሳያዩ ሰኩት።

በማግስቱ ጋሼ ቢሮዬ ብቅ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ያ በግ አንተ ጋ ነው አሉ። ስልኬ ጠፍቶብኝ፣ ከኮምፒውተሩም ላይ ሳላስበው ሰርዤው አዝኜ ነበር።»

ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። 47ቱም አሉ።