የኮሎኝ ፍጻሜ በሳቢያን ግቢ

ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሐረር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ስንያያዘው የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ሹራቡን ማውለቅ ጀመረ። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለተጓዝን ሁሉም ዝሏል። ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር ግን ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ተነቃቃ። «አቦ! አሁን ገና አገሬ ገባሁ» አለኝ።

ድሬ የሄድኩት አክስቴን ልጠይቅ ነው። ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። የአክስቴ የልጅ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ ኪቦርድ ትጫወታለች። በቴሌግራም «ጋሼ፣ እኔን የሚያክሉ ልጆች ውጭ አገር ምን እንደሚጫወቱ ማየት እፈልጋለሁ» እያለች ትጽፍልኝ ነበር። እሷ የምታገኘው ቁርጥራጭ ቪዲዮ ነው። ሙሉውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድታይ ፈለግኩ። ስለዚህ የዩሮቪዥን ወጣት ሙዚቀኞች ውድድርን በፍላሽ ጭኜላት መጣሁ።

ዩሮቪዥን ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው የዘፈኑን ውድድር ነው። ይኼኛው ሌላ ነው። ዘፈን የለም፣ ጭፈራ የለም። እያንዳንዱ አገር የሚልከው አንድ ወጣት የክላሲካል ሙዚቃ ተጫዋች ነው። ዕድሜው ከ12 እስከ 21 ዓመት መሆን አለበት። ፒያኖም ይሁን ቫዮሊን፣ ፍሉትም ይሁን ቼሎ፣ የሚጫወተው ከሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ነው። አሸናፊውን የሚለዩት የሙያው ሰዎች ናቸው። የተጀመረው በ1982 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ የተወዳደሩት ስድስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ማርኩስ ፓውሊክ የሚባል ጀርመናዊ ፒያኒስት አሸነፈ። ሐሳቡ የመጣው ቢቢሲ በ1978 ለአገሩ ልጆች ብቻ ከጀመረው ተመሳሳይ ውድድር ነው። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል። በ2020 ብቻ በኮሮና ምክንያት ቀርቷል።

ይህን ውድድር የምወደው በሽልማቱ አይደለም። አንድ ልጅ ለዓመታት ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይለማመዳል። አንዱን መስመር መቶ ጊዜ ይደጋግማል። የሚሰማው እናቱና ግድግዳው ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ምሽት ትልቅ ኦርኬስትራ ከኋላው ይቀመጥለታል። መሪው ዱላውን አንሥቶ ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ «ዝግጁ ነህ?» እንደማለት ነው። ያ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ሙዚቀኛ ለአንድ ታዳጊ ያጅባል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለኮንሰርት አዳራሽ ትኬት ገዝቶ የማያውቅ ሰው ቤት ድረስ ያደርሰዋል። ልጁ አድማጭ ያገኛል። አድማጩም ራሱ ያድጋል። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ሲደረግ ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

በማግስቱ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ ከዚራ ሰፈር ወጣሁ። ጥላ ያላቸው ሰፋፊ መንገዶች፣ አጥር ላይ የተንዠረገጉ አበቦች፣ ከዚያ የድሮው ባቡር ጣቢያ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድና ውድ ስለሆነ መስመሩ በታች በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ባቡሩ በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው።

ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሙዚቃ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም ያደጉ 40 ወላጅ አልባ ወጣቶችን የናስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸው፣ ወደ ኢትዮጵያም አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። በዚያ ዘመን ከባሕር ወደ መናገሻዋ የሚወስደው ባቡር የሚያልፈው በዚሁ ጣቢያ ነበር። የዘመናዊ ሙዚቃችን አንዱ ምንጭ እንግዲህ አገር ያጡ ታዳጊዎች መለከት ነው። አንድ ሰው ሰማቸው፣ ቦታ ሰጣቸው፣ ነገሩ ከዚያ ቀጠለ።

ድሬ በሙዚቃ ጆሮዋ ክፍት ነው። አሊ ቢራ የዚህ ከተማ ልጅ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ድሬ በተቋቋመው አፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጀምሮ ኋላ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። መጋላ ውስጥ ስትሄድ ከአንዱ ሱቅ የኦሮምኛ፣ ከሚቀጥለው የሶማሊኛ፣ ከዚያ ወዲያ የአማርኛና የዓረብ ዘፈን ይሰማል። ልጆቹ ሁሉንም ያዜማሉ። ቋንቋውን ባይችሉ እንኳ ዜማውን አይስቱም።

ዋናው ነገር የሆነው ማታ ነው።

የአክስቴ ቤት ሳቢያን ሰፈር ነው። ድሬ ማታ ማታ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የለም። ምንጣፉም ፍራሹም ግቢ ይወጣል። ወንዶቹ ሽርጥ፣ ሴቶቹ ድሪያ ለብሰው ንፋስ ይቀበላሉ። የአክስቴ ልጅ ኳስ ከሚያሳይ ጓደኛው ፕሮጀክተር ተውሶ መጣ። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ገባ። ባጊያ ተጠበሰ፣ ቅመም ያለው ሻይ ዞረ።

«ማን ከማን ነው?» አለ አንዱ ጎረምሳ ሲገባ። «አሥራ አንድ አገር ነው» አልኩት። «ሁሉም በአንድ ቀን?» «ሁሉም በአንድ ቀን።» ደስ አለውና ተቀመጠ።

የመረጥኩት የ2016ቱን ፍጻሜ ነው። የተካሄደው ጀርመን፣ ኮሎኝ ውስጥ ነው። የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። መድረኩ የተተከለው አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ሜዳ ላይ፣ ከታላቁ የኮሎኝ ካቴድራል አጠገብ ባለው አደባባይ ነው። እዚያም ሰው ማታ ደጅ ተቀምጦ ነበር የሚያዳምጠው። የአክስቴ ግቢ ሰዎች ይህን ሲያዩ ተዝናኑ። ሱፍና ከረባት ታስሮ በዝምታ የሚታይ ነገር መስሏቸው ነበር። አንዲት ጎረቤት «እነሱም እንደኛ ደጅ ወጡ እንዴ!» አለች።

የሚያጅበው ኦርኬስትራ የደብሊውዲአር ነው። ደብሊውዲአር የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጣቢያዎች የራሳቸው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አላቸው። ለሙዚቀኛው ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ያስጫውታሉ። ይህን ስነግራቸው የተገረመው ብዙ ነው። እኛ አገር ኦርኬስትራ ካቆሙት ዋነኞቹ ክብር ዘበኛ፣ ጦር ሠራዊትና ፖሊስ ነበሩ። እነሱም ትልልቅ ሰዎችን አፍርተዋል። አንድ ጣቢያ ኦርኬስትራ ይዞ፣ ያንን ኦርኬስትራ ደግሞ ለልጆች ሲያውል ማየት ግን ያስቀናል። አሁን እኛም የዘፈን ውድድር አለን። ፋና ላምሮትን የማያይ ቤት ጥቂት ነው። ባንዱ ቁጭ ብሎ አዲስ ድምፃዊ ሲያጅብ አገር ይሰበሰባል። ለክራርና ለማሲንቆ፣ ለቫዮሊንና ለፒያኖ ልጆችም እንዲህ ያለ ምሽት ቢኖር የሚያይ አይጠፋም። ይህን በዚያ ግቢ በዓይኔ አየሁ።

መጀመሪያ ላይ ወሬ ነበር። ሁለተኛው ልጅ ሲጫወት ወሬው ቀነሰ። ከዚያ ሰው አገር መያዝ ጀመረ። «እኔ የዚችን ቫዮሊን ይዣለሁ» ይላል አንዱ። «አይ፣ እጁን እየው ያንን ልጅ!» ይላል ሌላው። ስህተት የመሰላቸውን ሲሰሙ ያጉተመትማሉ። ሙዚቃው ሲያርፍ ያጨበጭባሉ።

ከዚያ ፖላንዳዊው ሉካሽ ዲችኮ ሳክስፎኑን ይዞ ወጣ። ግቢው ተቀየረ። ሳክስፎን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከጥግ የተቀመጡ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። አሁን ወደ ፊት ሳብ ብለው ተቀመጡ። «ይሄማ የጌታቸው መኩሪያ መሣሪያ ነው» አሉ። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው። ያረፈውም በዚያው በ2016 ነው። ሽማግሌው የፖላንዱን ልጅ እስኪጨርስ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። «ትንፋሽ አለው» አሉ። ከእሳቸው የወጣው ይኸው ነው። ለሳክስፎን ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

ያሸነፈው እሱ ነው። ውጤቱን ቀድሜ አልነገርኳቸውም ነበር። ስሙ ሲጠራ ግቢው በጩኸት ተናጋ። በዚህ ውድድር ብዙ ጊዜ የሚያሸንፉት ቫዮሊንና ፒያኖ ናቸው። በ2008 አንድ ግሪካዊ በክላርኔት፣ በ2010 አንዲት ስሎቬኒያዊት በፍሉት፣ በ2012 አንድ ኖርዌያዊ በቪዮላ አሸነፉ። ሳክስፎን ሲመጣ ለመሣሪያውም ክብር ነው።

አክስቴ ግን ደስታው አልተዋጠላትም። «ሌሎቹስ ምን አጠፉ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። እኔም ውድድሩ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ጊዜው አጭር ነው። ኮንቼርቶ የሚባለው፣ አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት ብዙ ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚጫወቱት ግን የጥቂት ደቂቃ ቁራጭ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ክፍል ብቻ ይወሰዳል፣ እሱም ፈጣኑና የሚያስጨበጭበው። ቀስ ብሎ የሚፈስ ዜማ የሚያምርለት ልጅ በዚህ ይጎዳል። ለእኔ የሙዚቀኛ ልክ የሚታወቀው በዝግታው ነው።

ሰው ሲበተን ልጅቷ አልተኛችም። «ከእኔ የምታንስ አለች?» አለችኝ። የጁሊያ ፊሸርን ነገር ነገርኳት። በ1996 ሊዝበን ላይ ለጀርመን በቫዮሊን ስታሸንፍ 13 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። ዛሬ ከዓለም ስመ ጥር ቫዮሊኒስቶች አንዷ ናት። በ2008 ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ ምሽት መጀመሪያ የቫዮሊን፣ ቀጥሎ የፒያኖ ኮንቼርቶ ተጫውታለች። «ሁለቱንም?» አለች ልጅቷ። ሁለቱንም።

ከዚያ የእንግሊዛዊውን የቼሎ ተጫዋች የሼኩ ካነ-ሜሰንን ቪዲዮ ከፈትኩላት። እሱ ያሸነፈው በቢቢሲው ውድድር ነው፤ ያውም በዚያው በ2016። 17 ዓመቱ ነበር። ያንን ውድድር በማሸነፍ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። የተጫወተው የሾስታኮቪችን አንደኛውን የቼሎ ኮንቼርቶ ነው። እናቱ የሴራሊዮን ተወላጅ ናት፣ የአባቱ ወገኖች ከአንቲጓ ናቸው። ቤት ውስጥ ሰባት ልጆች ናቸው፣ ሰባቱም ይጫወታሉ። የተማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ልጅቷ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የጣቱን መንቀጥቀጥ በራሷ ጉልበት ላይ ትሞክረው ጀመር።

ከእኛም ሰው እንዳለ ነገርኳት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊን ተማሩ፤ ፒያኖአቸውን ዛሬ ዓለም ይሰማዋል። ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምሮ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ቡልጋሪያ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ፒያኒስት ሆነ። «ክራር ነው የጀመረው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ለግማሽ ቀን ሐረር ወጣሁ። ጀጎል ውስጥ አንድ ቤት ዚክሪ፣ የሐረሪዎች መንፈሳዊ ዜማ፣ ነበር። ከበሮው ይመታል፣ የእንጨት ማጨብጨቢያው ይቀበላል፣ ሽማግሌው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ትንንሽ ልጆች ከአባቶቻቸው ጎን ተቀምጠው ምቱን በጭናቸው ላይ ይይዙ ነበር። የሚያስተምራቸው የለም፤ አብረው ተቀምጠው ነው የሚይዙት።

ከመመለሴ በፊት ከአክስቴና ከልጅቷ ጋር ታይዋን ገበያ ሄድን። አሁን ያላት ኪቦርድ 61 ቁልፍ ነው፤ ፒያኖ 88 አለው። ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ ጎድሎባታል። ቁልፎቹም እንደ ላባ ቀላል ናቸው፤ ጣት አያጠነክሩም። ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ያለው ሁሉ 61 ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ነጋዴ «ክብደት ያለው፣ 88ቱ ሙሉ፣ ላስመጣ እችላለሁ» አለና ዋጋ ጠራ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

አክስቴ ግን ነጋዴውን ትኩር ብላ አየችው። «አቦ ቀንስ፣ ለልጅ ነው» አለች። ቀነሰ። «አሁንም ቀንስ።» ትንሽ ቀነሰ። «ዕቁቤ የሚወጣው በሚመጣው ወር ነው። አስመጣና አስቀምጥልኝ፤ ለሌላ ሰው እንዳትሸጥ» አለችው፣ ስልኩንም ተቀበለች።