ከቢሾፍቱ ወደ ልምምድ
የምኖረው ቢሾፍቱ ሲሆን የሙዚቃ ባንዳችን የሚለማመደው አዲስ አበባ ነው። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በዱከምና በገላን በኩል አልፎ ቃሊቲ ላይ የሚጠብቀው የመኪና ሰልፍ የሁለት ሰዓት ልምምድን የሙሉ ቀን ሥራ ያደርገዋል።

ብዙም የማይነገርለት ጣጣ መሣሪያው ላይ የሚደርሰው ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፣ ጠዋት በሞቃት አየር የቃኘሁት ማሲንቆ፣ በተለይ በክረምት፣ ደጋው ላይ ሲደርስ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፤ የፈረስ ጭራውም ቅኝቱን ይለቃል። ስለዚህ ቀደም ብዬ ደርሼ መሣሪያውን ከክፍሉ አየር ጋር ማላመድን እመርጣለሁ። (ማሲንቆው ጣሪያ ላይ ካልተጫነ የሚለውን የሚኒባስ ረዳት ማሳመን ግን ሌላ ሥራ ነው።)

የምሽት ሥራ ከዚህም ይከብዳል። ሠርጉ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲያበቃ የሕዝብ ትራንስፖርት ስለማይገኝ፣ ከተከፈለኝ ላይ ቀንሼ የኮንትራት መኪና እይዛለሁ፣ አለዚያም ባልደረባዬ ቤት አድራለሁ። በእኔ አስተያየት ደጋሹ የሙዚቀኛውን መመለሻ እንደ ድምፅ ማጉያ ኪራይ ሁሉ ከወጪው ሊቆጥረው ይገባል፤ እኔም ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት ዝግጅቱ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።